ጥቆማ፦ አራት ኪሎ ወይ ፒያሳ አካባቢ ሊኑክስ የሚጭን ሰው

ማሂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ላፕቶፔ አሮጌ ነው ራሙ 4 ጊጋ፣ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው እሱ ደግሞ ጥቅምት 4፣ 2018 ላይ ሳፖርቱ ቆሟል፣ 11 ደግሞ አልቀበልም ብሎኛል። ክራክ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር) ሰልችቶኛል ቫይረሱም መከራዬን አሳየኝ፣ ስለዚህ በዊንዶውስ ፈንታ ከነጻዎቹ ሊኑክሶች ኡቡንቱ ይሁን ሚንት አስጭኜ ልገላገል። ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባለው ታማኝ ሰው ታውቃላችሁ? አማርኛ መጻፍ የግድ ነው፣ የቢሮ ደብዳቤዎቼ በሙሉ በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፉ ናቸው። በዛውም ኮድ የማይችል ሰው ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ላይ ምን ማገዝ ይችላል?

የውቤ በረሃ ልጅ፦ ስታዲየም ጀርባ፣ ጫማ ቤቶቹ ያሉበት ፎቅ፣ ምድር ቤት ያለው ልጅ ጋ ሂጂ። 11 ዓመት ደንበኛው ነኝ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስጪው።

ቲጂ፦ ዓይኔን ጨፍኜ ሰጥቼ ነው እኮ ጉድ የሆንኩት 😭 የት እንደሆነ አልናገርም። ኡቡንቱ ጫንልኝ አልኩት፣ ችግር የለም ከሰዓት ነይ አለኝ፣ ስመጣ ተጭኗል ያምራል ግን «ቴሲስ የመጨረሻ 3» የሚለው ፎልደሬ የለም፣ ዲ ላይ የነበረው የእህቴ ሰርግ ፎቶ የለም፣ ዲ ራሱ የለም! ስጮህበት «ፎርማት ሳይደረግ እንዴት ይጫናል ብለሽ ነው» ይለኛል። ደረሰኙ ላይ ደግሞ በካርቦን «ኡቡንቱ ላይሰንስ፣ ብዛት 1፣ 800 ብር» ብሎ ጽፏል። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ናቲ፦ ወይኔ የሰርግ ፎቶ! ሪከቨሪ አልሞከርሽም?

ቲጂ፦ ፎቶሬክ በሚባለው ሞክረን ብዙው ወጣ፣ ግን የፋይል ስም የሚባል የለም ሁሉም ቁጥር ነው፣ አንዳንዱ ሙሽራዋ እስከ አንገቷ ከዛ በታች ግራጫ። ቴሲሱ ግን ቀረ። ፎቶሬክ ኦፕን ሶርስ ነው ሲሉኝ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ።

ሂሳብ ሹሙ፦ ይቅርታ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ ይሰራል?

ካዛንቺሶ፦ በነጻ ለሚገኝ ነገር ብር ከፍሎ፣ ዳታ አጥቶ፣ በሳምንቱ ክራክ ዊንዶውስ ማስጫን። ሀገራችን 😂

ናቲ፦ ነጻ ማለት እኮ ማንም ብር አይቀበልም ማለት አይደለም፣ ለድካሙ ቢያስከፍል ላይሰንሱም አይከለክለውም። ነውሩ የሌለ ላይሰንስ መሸጡ ነው።

የውቤ በረሃ ልጅ፦ የኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም።

ቲጂ፦ ላንተ ሊኑክስ ጭኖልህ ያውቃል?

የውቤ በረሃ ልጅ፦ ለኔ ሁሌ ዊንዶውስ ነው። ግን ልጁ ጎበዝ ነው።

ካዛንቺሶ፦ ማስረጃው ተሟልቷል፣ ውሳኔ ይሰጥ።

አምስት ኪሎ፦ ማሂ ማንም ጋ አትሂጂ ራስሽ ትጭኚዋለሽ። መጀመሪያ ፋይልሽን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪና ያንን ዲስክ ንቀይው፣ የቲጂን ታሪክ አንብበሻል። ላንቺ ማሽን ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነት ይሻላል፣ ቀለል ያለ ነው፣ ሚንት 22 ደግሞ በፈረንጅ እስከ 2029 አፕዴት አለው። ፍላሽ ላይ ጽፈሽው ከፍላሹ ስታስነሺው ምንም ሳይጫን ይሰራል፣ ዋይፋዩም ድምጹም መስራቱን አይተሽ ነው የምትጭኚው። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው ምርጫ ጋ ስትደርሺ እጅሽን ሰብስቢና ደግመሽ አንብቢ። አማርኛው አይባስ በሚባለው የኪቦርድ መቀየሪያ ነው፣ ሴራ የሚለውን ኪቦርድ ስትመርጪ እንደ ድምጹ በእንግሊዝኛ ፊደል ትመቻለሽ ግዕዝ ይወጣል። የድሮዎቹ ፓወር ግዕዝ ደብዳቤዎች ሊብሬ ኦፊስ (የነ ወርድ ነጻ ምትክ) ላይ ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ያለ የፈረንጅ ፊደል ቢሆኑ እንዳትደነግጪ፣ ግዕዝ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ላይ ነው፣ እነዛ ፎንቶች ግን የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ነው የደበቁት። ፎንት ፋይሉን ከድሮው ዊንዶውስ ገልብጠሽ ሚንቱ ላይ ስትጭኚው ይነበባል። አዲስ የምትጽፊውን ግን በዩኒኮድ ጻፊ፣ ኖቶና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች በነጻ አሉ።

ማሂ፦ ኧረ ተባረክ! የማገዙስ ነገር?

አምስት ኪሎ፦ ትርጉም። የሊብሬ ኦፊስ ዌብሌት የሚባል ሳይት ላይ ነው፣ አካውንት ከፍተሽ ብሮውዘር ላይ አንድ በአንድ ትተረጉሚያለሽ ኮድ አያስፈልግም። አማርኛው የሚገመግምለት ሰው ይፈልጋል። ሴቭን «አስቀምጥ» እንበል «አድን» የሚለው ክርክር ብቻ አንድ ቅዳሜ ይበላል።

ካዛንቺሶ፦ አማርኛ ሜኑ የሚጠቀም ሰው አለ እንዴ?

ቲጂ፦ እናቴ።

ናቲ፦ ሌላ ደግሞ፣ አማርኛ ስትጽፊ የሆነ ፊደል ከተበላሸ ስክሪን ሾት አንስተሽ ባግ ሪፖርት አድርጊ፣ ማለትም ችግሩን ለሶፍትዌሩ ሰሪዎች አሳውቂ። እነሱ ግዕዝ አያነቡም፣ «ሷ» ቦታ ካሬ ሳጥን መምጣቱን ካልነገርናቸው ከየት ያውቁታል።

ፍሬ፦ ፒያሳ ከነበሩት ኮምፒውተር ቤቶች አንዱ ጥሩ ይጭን ነበር፣ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ወዴት እንደገባ የሚያውቅ አለ?

የውቤ በረሃ ልጅ፦ እሱን አላውቅም፣ ስታዲየም ጀርባ ያለው ግን አለ።

ሂሳብ ሹሙ፦ ፒችትሪን የጠየቅኩት እኔ ነኝ…

ናቲ፦ አይሰራም ጋሼ። እሱን ለብቻው ዊንዶውስ ማሽን ላይ ይተዉት።

ሂሳብ ሹሙ፦ እሺ። ስታዲየም ጀርባ ያለው ልጅ ፒችትሪ ይጭናል?