ባለ 84 ወይስ ባለ 92 ግራም? የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት እንጨት ስለመምረጥ

የፒያሳው ተጫዋች፦

ጤና ይስጥልኝ። የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ እጫወታለሁ። ሰሞኑን ከውጭ የመጣ ወዳጄ አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ፣ ባለ 5 ንብርብርና ኳሱን የሚያፈጥነው የካርቦን ንጣፍ የሌለባቸው ሁለት የራኬት እንጨቶች ይዞ መጥቶ አንዱን እንድመርጥ ሰጥቶኛል። ሌላውን እስከ ቅዳሜ መመለስ አለብኝ፤ ኳሱ የሚያርፍበትን ጎማ ከለጠፍኩበት በኋላ ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም።

ፒያሳ ወርቅ ቤት የሚሠራው የአክስቴ ልጅ በሚዛኑ ላይ ቢያስቀምጣቸው አንዱ 84፣ ሌላው 92 ግራም ሆኑ። (ቀለበታቸውን ለማስመዘን ተራ ይጠብቁ የነበሩ እናት እንጨቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያሳዩትን ፊት አልረሳውም።) ከሌላ ተጫዋች የገዛሁት ያገለገለ ራኬቴ ከነጎማው 201 ግራም ይመዝናል። አንድ ሰዓት ያህል ከተጫወትኩበት በኋላ የእጄ አንጓ ይዝላል፤ በባክሃንድ (የእጅ ጀርባ ወደ ኳሱ ዞሮ በሚመታበት) በኩል ተከታትለው የሚመጡ ኳሶች ላይም እዘገያለሁ። በዚህ ምክንያት ቀላሉን መውሰድ ያለብኝ ይመስለኛል። የሚገርመኝ ግን ሁለቱን በየተራ አንሥቼ ሳወዛውዛቸው ባለ 92ቱ ከባዱ መሆኑ ፈጽሞ አይታወቀኝም። ይህ ለምን ሆነ? ተጫዋቾች «የእንጨቱ ስሜት ጥሩ ነው» ሲሉስ ምን ማለታቸው ነው?

የካዛንቺሱ ግራኝ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሒሳቡን እናስተካክል። እጅዎ የሚሸከመው እንጨቱን ብቻ ሳይሆን እንጨቱን፣ ሁለቱን ጎማዎች፣ ኮላውንና የጠርዙን ቴፕ ጭምር ነው። ተቆርጦ የተለጠፈ አንድ ጎማ ከሥሩ እንዳለው ስፖንጅ ጥንካሬና ውፍረት ከ40 እስከ 54 ግራም ገደማ ሊመዝን ይችላል፤ ጠንካራ ስፖንጅ ያላቸው የቻይና ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ከ50 በላይ ናቸው። ራኬትዎ 201 ግራም ከሆነ፣ ዋናው ጥፋት የጎማዎቹ እንጂ የእንጨቱ አይመስለኝም። ከ53 ወደ 47 ግራም ጎማ ቢወርዱ በሁለቱ ፊት 12 ግራም ያተርፋሉ፤ ይህም አሁን ከተጨነቁበት የ8 ግራም ልዩነት ይበልጣል። ደግሞም ጎማው ያለው ከእጅዎ ርቆ ስለሆነ ከዚያ የሚቀነስ ግራም ከእጀታው ከሚቀነሰው የበለጠ ይታወቃል።

ለጥያቄዎ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ሚዛን የሚነግረን ስንት እንደሚከብድ እንጂ ክብደቱ የት እንዳለ አይደለም። እርሳስ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙና እንጨቱን በላዩ ላይ እያንሸራተቱ ወደ የትኛውም ወገን ሳያዘነብል የሚቆምበትን ነጥብ ፈልጉ፤ ከዚያም ከእጀታው ጫፍ እስከዚያ ነጥብ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። እኔ ከነጎማው 182 ግራም የሆነ ራኬት አለኝ፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው ከእጀታው ጫፍ 16 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር። እጀታው ላይ 8 ግራም የሚሆን ቴፕ ስጠቀልልበት ነጥቡ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ እጄ ቀረበ። ራኬቱ 190 ግራም ሆኖ ሳለ ከፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል ከሚመታበት) ወደ ባክሃንድ ሳዞረው ቀለል ያለ መሰለኝ፤ ያየ ጓደኛዬም ሚዛን ላይ አስቀምጦ እስኪያረጋግጥ ድረስ አላመነኝም።

አናጢው፦

ግራኙ ያሉት ትክክል ነው፤ በእኛ ሙያ ይህን የማያውቅ የለም። መዶሻን በእጀታው ይዘው ያወዛውዙት፤ ከዚያ ገልብጠው በብረቱ በኩል ይያዙትና እንደገና ያወዛውዙት። ግራሙ ያው ነው፤ ሁለተኛው ግን እንደ ማንኪያ ይቀላል።

እኔ የምጨምረው ስለ እንጨቱ ነው። የራኬት እንጨት የሚሠራው እንደ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ስስ ንጣፎች በኮላ ይያያዛሉ፣ መካከለኛው ወፍራም ይሆናል፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ አዩስ የተባለው ቀላል የአፍሪካ እንጨት ይመረጣል። ላይኛው ንጣፍ ሊምባ ከሆነ ኳሱን ለስለስ አድርጎ ይቀበላል፤ ኮቶ ከሆነ ጠንከርና ፈጠን ይላል። ዛፍ ከዛፍ፣ አንዳንዴም ከአንድ ግንድ ቁራጭ ከቁራጭ ስለሚለያይ፣ የአንድ ሞዴል ሁለት እንጨቶች በ8 ግራም መለያየታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ጥያቄው ትርፉ ክብደት ፊቱ ላይ ነው ወይስ እጀታው ላይ የሚለው ነው። ፊቱ ላይ ከሆነ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ ነውና ጠንከርና ፈጠን ሊል ይችላል። እጀታው ላይ ከሆነ ግን የምቱ ጠባይ እምብዛም ሳይለወጥ 8 ግራም ተጨመረብዎ ማለት ነው።

«ስሜት» የሚባለውን በጆሮ መጀመር ይቻላል። እጀታውን ላላ አድርገው ይያዙና ጎማ በሌለው ፊት ላይ ኳሱን ከአንድ ስንዝር ከፍታ ደጋግመው ያንጥሩ። ቀጠን ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጠንካራው ነው፤ ጎርነን ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ ይበልጥ የሚተጣጠፈው ነው። ኳሱ ከፊቱ መሐል ሲነካና ከጠርዝ አጠገብ ሲነካ እጀታው ውስጥ የሚሰማዎት ንዝረት ምን ያህል እንደሚለያይም ልብ ይበሉ፤ ተጫዋቾች ስሜት የሚሉት በአብዛኛው ይኼንኑ፣ ኳሱ የት እንዳረፈ መዳፍ የሚያውቅበትን ንዝረት ነው። እንጨት እርጥበት እንደሚስብም አይርሱ፤ በክረምት የመዘኑት በበጋ ጥቂት ግራም ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀንና በአንድ ሚዛን ያወዳድሩ።

ተከላካዩ ከለገሀር፦

እኔ በአንድ ነገር ከሁለቱም እለያለሁ። ክብደትን እንደ ጠላት ማየት ልክ አይደለም። ከጠረጴዛው ርቄ የምጫወት ሰው ነኝ፤ ከባድ ቶፕስፒን (ወደፊት በኃይል የሚሽከረከር ኳስ) ሲመጣብኝ የቀለለ ራኬት እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የከበደው ግን ጸንቶ ይመልሳል። ጠያቂው ግን ጠረጴዛው ላይ ተጠግተው በፍጥነት የሚያቀያይሩ ስለሚመስለኝና አንጓቸውም ስለሚዝል በእርሳቸው ቦታ ብሆን አጠቃላዩን ከ190 ግራም አላሳልፍም።

አንድ የተረሳ ጉዳይም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኳሱ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት 2.7 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ይህ ለውጥ በቀላሉ ይታወቅበታል፤ እኛ ዘንድ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ የተሽከረከረውም ኳስ ወደ ጠረጴዛው የሚታጠፈው በመጠኑ ባነሰ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር «መካከለኛ ፍጥነት» የተባለ እንጨት እዚህ ፈጠን ብሎ ቢያገኙት አይደነቁ። ካርቦን የሌለበትን መምረጥዎን የምደግፈውም ለዚህ ነው። ስታዲየም ዙሪያ ባሉ የስፖርት ዕቃ ሱቆች ካርቦን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብቻ የሚያሳድዱ ወጣቶች ባየሁ ቁጥር ያሳዝኑኛል።

ጎማ ሳይለጥፉ ለመሞከር ከፈለጉ፣ የአሮጌውን ራኬትዎን ጎማዎች በጥንቃቄ ላጡና በእያንዳንዱ እንጨት ላይ በየተራ ደርበው ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ፕላስቲክ ጠቅልሏቸው። ኳስ ሊመቱበት አይችሉም፤ በመስታወት ፊት ቆመው ፎርሃንድና ባክሃንድ እያቀያየሩ ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ሲያወዛውዙ ግን ክንድዎ የትኛው እንደሚከብደው ይነግርዎታል።

የፒያሳው ተጫዋች፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሁሉንም ሞከርኩ። ባለ 84ቱ ሚዛኑን የጠበቀው ከእጀታው ጫፍ 14.1 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ባለ 92ቱ 13.6 ላይ ነው። ስለዚህ ትርፉ ክብደት በአብዛኛው እጀታው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ከባዱ ሆኖ ያልተሰማኝም ለዚህ መሆን አለበት። በድምፅም ብዙ አልተለያዩም፤ ባለ 92ቱ በጥቂቱ ቀጠን ይላል። አሮጌዎቹን ጎማዎች ስልጣቸው ሁለቱ አንድ ላይ 106 ግራም ሆነው አገኘኋቸው፤ ግራኙ እንዳሉት ጥፋቱ የእነርሱ ነበር። በፕላስቲክ ጠቅልዬ ሳወዛውዝ ሁለቱም አደከሙኝ፤ ከሠላሳኛው በኋላ የዘገየብኝ ግን ባለ 84ቱ ነው። እጀታውም ቀጠን ስለሚል ሳላስበው አጥብቄ እጨብጠው ነበር።

ስለዚህ ባለ 92ቱን ወስጄ እያንዳንዳቸው 47 ግራም አካባቢ የሆኑ ለስላሳ ጎማዎች ላስለጥፍበት ወስኛለሁ። ኮላውና ቴፑ ተጨምሮ 190 ገደማ ይሆናል።

አናጢው፦

ከመለጠፍዎ በፊት ፊቱን አንድ ጊዜ ብቻ በጣም ስስ አድርገው ቫርኒሽ ይቀቡት፤ አለበለዚያ ጎማውን ለመቀየር ሲልጡ የላይኛው ንጣፍ ስንጣሪ አብሮ ይነሣል። ሲበዛ ግን እንጨቱን ያጠነክረዋልና ሁለተኛ አይድገሙት። በእጀታውና በፊቱ መገናኛ አውራ ጣትዎ የሚያርፍበትን ጠርዝም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ያለስልሱት፤ አጥብቀው እንዲይዙ የሚያስገድድዎት ብዙ ጊዜ ያ ሹል ጠርዝ ነው።