ከሥራ ግሩፕ የተሰረዘ መልእክት፦ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ
ሰላም ናችሁ? ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አነስተኛ ሆቴል አስተዳድራለሁ። ግዢያችን የሚያልቀው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የሆቴሉ ገዢ ሠራተኛ ጠዋት የአሣውን፣ የቆሮሶውንና የአምባዛውን፣ ዋጋ ይጽፋል፣ የደረሰኝ ፎቶ ይለጥፋል፣ እኔ «እሺ» እላለሁ። አሁን ዋጋ ተጋኗል ተብሎ ማጣራት ጀመርን። ገብቼ ሳይ የአንዳንድ ቀናት መልእክት የለም! መመለስ ይቻላል? የገዢውን ስልክ ተቀብዬ ብፈትሽስ? አንድ ሠራተኛ ደግሞ «የአካውንቱን ፓስወርድ አውቀዋለሁ» ብሎኛል።

የአይቲ ሰው፣ ሽምብጥ
እህቴ፣ መጀመሪያ ግሩፑን ማን ነው የከፈተው? ገዢው ከሆነ የሁላችሁንም መልእክት፣ ግሩፑንም ጭምር ማጥፋት ይችላል። አንቺ ከሆንሽ የአድሚን ሥልጣኑን አሁኑኑ አንሺ። መልእክት ጊዜውን ጠብቆ በራሱ የሚሰርዘው «አውቶ ዲሊት» በርቶ ከሆነም አጥፊው።

ከዚያ «ሪሰንት አክሽንስ»ን፣ ማለትም አድሚን የሚያየውን የግሩፑን የቅርብ ድርጊቶች ዝርዝር፣ ክፈቺ። የተሰረዘና የተስተካከለ መልእክት እዚያ ይታያል፣ ግን የመጨረሻው 48 ሰዓት ብቻ ነው። ኔት ሲመጣ እናየዋለን ካላችሁ አለቀ። ከ48 ሰዓቱ በፊት የጠፋውን «እመልሳለሁ» የሚልሽ ሰው ብርሽን ነው የሚበላው።

የቀረውን ኤክስፖርት አድርጊ፣ ማለትም ወደ ፋይል አውጪው። ኮምፒዩተር ላይ፣ በቴሌግራም ዴስክቶፕ፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክተሽ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» በይ። የፋይሉ ፎርማት ጄሰን (JSON) ይሁን፤ የመልእክቶቹን ቁጥር ያሳይሻል። በሱፐርግሩፕ (ቴሌግራም ትልቁን ዓይነት ግሩፕ የሚጠራበት ስም ነው) እያንዳንዱ መልእክት ተከታታይ ቁጥር አለው። ከ4120 ወደ 4123 ከዘለለ መሀል ላይ ሁለት ጠፍቷል ማለት ነው። ማን እንዳጠፋው አይነግርሽም። ግን «ተወደደ እኮ» ብለሽ ሪፕላይ አድርገሽለት ከሆነ፣ ያንቺ መልእክት የጎደለውን ቁጥር ይዞ ተቀምጧል። ፋይሉን ሳትነኪ በሁለት ፍላሽ አስቀምጪ።

የሕግ ሰው
ፓስወርዱን ተዪው! የሰው አካውንት ያለፈቃድ መክፈት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስከስሳል። ከሳሽ ልሁን ብለሽ ተከሳሽ ሆነሽ ትገኛለሽ። የግል ስልኩንም አትቀሚ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወቱን ይጠብቅለታል። አባል የሆንሽበትን የሥራ ግሩፕ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይልቅ ቀኑን ቁጠሪ። በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ያለሽ ጊዜ ጥፋቱን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ነው። ካለፈ መብቱ ይቀራል። ለማጣራት ብታግጂውም እገዳው ከ30 የሥራ ቀን አይበልጥም።

የሒሳብ ሠራተኛ
እኔ ብሆን ቻት ብቻ ይዤ አልሟገትም። ከአሣ ሻጮቹ የደረሰኝ ቀሪውን ጠይቂ። ስቶር የተረከበውን ኪሎና በቴሌብር የተከፈለውን ጎን ለጎን አድርጊ። ቻት ይሰረዛል፤ የክፍያ መዝገብ ግን ከገዢው እጅ ውጭ ነው።

ሌላ አባል
ስላክ የሚባለውን የሥራ መልእክት መለዋወጫ አፕ ለምን አትጀምሩም? ነጻ ነው።

የአይቲ ሰው፣ ሽምብጥ
ነጻው የሚያሳየው የ90 ቀን ብቻ ነው። ከነሐሴ 2016 ወዲህ ደግሞ ዓመት ያለፈውን ጭራሽ ያጠፋዋል። ለመዝገብ አይሆንም ባይ ነኝ።

ጠያቂዋ
ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ተመስገን! ለወደፊቱ ሁሉንም ለዘለዓለም ላስቀምጥ?

የሕግ ሰው
የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታ ከተሰበሰበበት ዓላማ በላይ እንዲቆይ አይፈቅድም። የግዢውን ግሩፕ ለብቻው ለዪው፤ የሠርግና የለቅሶ መልእክት አብሮ አይቀመጥ። እንደሚቀመጥ፣ ለምን ያህል ጊዜና ማን እንደሚያየው ለሠራተኞቹ በጽሑፍ አሳውቂና አስፈርሚ። የዚህ ጉዳይ ፋይል ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይነካም።