ለገና ያሳደግኳቸውን 56 ሳሶ ዶሮዎች በስንት ልሽጥ? ለማን?

ጥያቄ — ዶሮ ጀማሪ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥቅምት 25 ቀን የ45 ቀን ሳሶ (ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆን የፈረንጅ ዝርያ) 60 አስገብቼ 4 ሞቱብኝ፤ ዛሬ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በቤቴ 56 አሉ። 26ቱ አውራ፣ 30ዎቹ ቄብ (ገና መጣል ያልጀመሩ ሴቶች) ናቸው። ለገና ገበያ ታኅሣሥ 25 ላይ የ105 ቀን ይሞላቸዋል። እስከዚያ የሚበሉትን ጨምሬ ወጪዬ ይህ ነው፦ መግዣ 60 በ250 ብር፣ 15,000፤ መኖ 3 ኩንታል ከ80 ኪሎ፣ ኩንታሉ በ5,200፣ 19,760፤ ክትባትና መድኃኒት 900፤ ሰጋቱራ 600፤ ማጓጓዣ 440። ድምሩ 36,700 ነው። ለ60 ሳካፍለው አንዷ 612 ብር መጣች።

አንድ ነጋዴ አውራውንም ቄቡንም ሳይለይ ሁሉንም በ750 ልውሰድ ብሎኛል። ጎረቤቶችና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ «ለበዓል አስቀምጪልን» ይሉኛል፤ ዋጋ ግን አልቆረጥኩላቸውም። ለነጋዴው ልስጥ ወይስ በችርቻሮ ልሽጥ? በችርቻሮ ከሆነ በቁጥር ይሻላል በኪሎ? አርጄ ብሸጥስ?

መልስ — ሒሳብ ያዥ

እህቴ፣ ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት 612 የሚለው ቁጥር ይስተካከል። የሞቱት 4 ዶሮዎች ገንዘብ አያመጡም፤ ወጪያቸው ግን በቀሩት ላይ ይጫናል። 36,700 ለ56 ሲካፈል 655 ነው።

የጉልበትሽና የቤቱ ወጪም አልገባም። በቀን 1 ሰዓት ብትሠሪና ሰዓቱን 50 ብር ብናስበው፣ በ60 ቀን 3,000 ብር ነው። የዶሮ ቤቱን፣ መመገቢያውንና መጠጫውን በ24,000 ሠርተሽው 5 ዓመት ቢያገለግልሽ፣ በዓመት 4 ዙር ብታሳድጊ 20 ዙር ይሆናል፤ የአንዱ ዙር ድርሻ 1,200 ነው። (የአንቺ የቤት ወጪ ከዚህ ከተለየ ቁጥሩን ቀይሪው።) ጠቅላላው 40,900፣ ለ56 ሲካፈል 730 ብር። እንግዲህ የነጋዴው 750 በአንድ ዶሮ 20 ብር፣ በሁሉም 1,100 ብር ነው የሚተርፍሽ። ሁለት ዶሮ ብትሞት ትርፉ አለቀ።

ቀጥሎ ወጪውን ከቁጥር ወደ ኪሎ አውጪው። አውራውና ቄቡ እኩል አይመዝኑም፤ አማካይ ዋጋ ከቆረጥሽ ትልልቁን አውራ በርካሽ ትለቂያለሽ፣ ትንሿ ቄብ ደግሞ ተወዳ ትቀርብሻለች። የሚንጠለጠል ሚዛን ተውሰሽ ጠዋት መኖ ሳይሰጣቸው ከየወገኑ 8 ወይም 10 መዝኚ፤ ዓይን የገባውን ሳይሆን እጅ የደረሰበትን ያዢ። በ105 ቀን አውራው 2.5፣ ቄቡ 1.9 ኪሎ ቢገባ፣ 26ቱ 65 ኪሎ፣ 30ዎቹ 57 ኪሎ፣ በድምሩ 122 ኪሎ ነው። 40,900 ለ122 ሲካፈል የአንድ ኪሎ ቁም ክብደት ወጪ 335 ብር ይመጣል። 25 በመቶ ትርፍ ስትጨምሪበት 420 ነው።

ሌላ ልታውቂው የሚገባ ቁጥር አለ፦ አንድ ዶሮ በዚህ ዕድሜዋ በቀን 120 ግራም ገደማ ከበላች፣ በሳምንት 44 ብር ትበላለች። ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ስለሚበርድ ቤቱ ነፋስ ካስገባ ከዚያም ይብሳል። ያልተሸጠ ዶሮ በነጻ የሚቀመጥ እንዳይመስልሽ።

መልስ — ዶሮ ነጋዴዋ (ቢሾፍቱ)

ሒሳቡ ልክ ነው፣ ገበያ ላይ ግን በዓል ደርሶ ቁም ዶሮ በኪሎ የሚገዛ ሰው እምብዛም አታገኚም። ገዢው እግሯን ይዞ ያነሳታል፣ ደረቷን ይዳስሳል፣ አጥንቱ ከሾለበት «ሥጋ የላትም» ብሎ ያስቀምጣታል። ስለዚህ ዋጋሽን በኪሎ ቁረጪ፣ ሽያጭሽን በቁጥር አድርጊ። አውራዎቹን በሦስት ክፍል ለይተሽ እግራቸው ላይ የተለያየ ቀለም ክር እሰሪ፦ 2.1 ኪሎ አካባቢ ያሉት 880፣ 2.45 አካባቢ ያሉት 1,030፣ 2.9 የሚጠጉት 1,220። ገዢ ሲከራከርሽ ሚዛኑን አምጥተሽ አሳዪው፤ ሚዛን የያዘ ሻጭ ብዙ አይጨቀጨቅም። የደብረ ብርሃን ገበያ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ገበያ ውጪና ተመሳሳይ ክብደት ያለው ዶሮ ስንት እንደሚባል ጠይቂ። ገበያው ከ420 በላይ ካወጣ አንቺም ከፍ አድርጊ፤ 335ቱ የማትወርጂበት ወለል ነው፣ ጣሪያ አይደለም።

ላባም ዋጋ አለው። ቀይና ገብስማ ቶሎ ይነሳል፣ ጥቁሩን ለበዓል የማይወስድ ሰው አለ። ጥቁር ካለሽ ለእነዚያ ደንበኞች አታስይዥ፤ ቀለም ለማይመርጠው ለዪ።

«የፈረንጅ ዶሮ ነው፣ አይጣፍጥም» የሚልሽም ይመጣል። የአበሻ ነው ብለሽ እንዳትሸጪ፤ አንዴ ከታወቀብሽ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እውነቱ ራሱ ይሸጥልሻል፦ በ45 ቀን የሚታረደው የሥጋ ዶሮ ወጥ ውስጥ ይፈራርሳል፤ የ3 ወር ተኩል ሳሶ ግን ሥጋው ጠንከር ያለ ስለሆነ ከቁሌቱ ጋር ሲንተከተክ 12ቱ ብልት ቅርጹን ይይዛል። ይህን በግልጽ ንገሪያቸው።

ማስያዣውን በተመለከተ «አስቀምጪልኝ» ያለ ሁሉ አይመጣም። 30 በመቶ ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ የላከ ብቻ ስሙ መዝገብ ላይ ይግባ፤ በወረቀት ስም፣ ስልክ፣ የክር ቀለም፣ የተከፈለ፣ የቀረ፣ የሚረከብበት ቀን ጻፊ። ርክክቡን ታኅሣሥ 26 እና 27 አድርጊው። 28 ቀን ከሰዓት ገበያ ላይ የቀረው ዶሮ ዋጋው ይወርዳል፣ ምክንያቱም በየቤቱ ሽንኩርቱ ተከትፎ ዶሮው ታርዶ አልቋል። ዱቤ ለበዓል ዶሮ አይሁን።

መልስ — የእንስሳት ሐኪም

ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር፣ ዛሬውኑ የሚሠራ ስለሆነ።

አንደኛ፣ የፈንግል (ዶሮን የሚፈጅ ተላላፊ በሽታ) ክትባት ማጠናከሪያ ካልሰጠሻቸው ዛሬ ነገ አትበዪ። ሕያው ክትባት ከተሰጠ በኋላ እስከ እርድ 21 ቀን ይተዋል፤ ከታኅሣሥ 5 እስከ 26 ልክ 21 ነው፣ ስለዚህ ከዘገየሽ አውራዎቹን ለገና ማድረስ አትችዪም። ላሶታ (የፈንግል ሕያው ክትባት) በመጠጥ ውኃ ከሆነ፦ ውኃ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያህል ከልክዪያቸው፤ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ስብ የሌለው የዱቄት ወተት በጥብጪበት፤ ክትባቱን ጨምረሽ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱት ብዙ መጠጫ አስቀምጪ። የብረት ዕቃና ፀሐይ ክትባቱን ይገድሉታል። ከመድኃኒት ቤት ስታመጪው በረዶ ይኑርበት። የታመመች ዶሮ ካለች ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያት።

ሁለተኛ፣ አንቲባዮቲክ ወይም የኮክሲዲያ (የአንጀት በሽታ) መድኃኒት ሰጥተሽ ከሆነ ልጣፉ ላይ ከእርድ በፊት ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ያ ቀን ሳያልፍ ለሥጋ አትሽጪ፤ እንቁላል ለምትጥልም እንዲሁ።

ሦስተኛው ብዙ ቤት ያራገፈ ነው። ገበያ ወጥታ ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ ፈንግል ይዛ ልትገባ ትችላለች፤ ከየቤቱ ከመጣው ዶሮ ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ ውላለች። ምልክቱ ለመታየት እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ የተመለሰውን በሌላ ክፍል፣ በሌላ መጠጫ 14 ቀን ለይተሽ አቆዪ። የሚሻለው ገዢ ግቢሽ በር ላይ መጥቶ ቢረከብ ነው፤ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ግን ማንም አይግባ። ነጋዴው ባዶ ሣጥኑን ይዞ ከገባ የሌላ ሰው ዶሮ ኩስ ይዞ ነው የገባው።

መልስ — የቄብ አርቢ (ባሕር ዳር)

30ዎቹን ቄብ ለምን ለወጥ ታስቢያቸዋለሽ? በኪሎ ብትሸጪያቸው 1.9 በ420፣ 798 ብር ነው። ግቢው ውስጥ 3 ወይም 5 ዶሮ ማኖር ለሚፈልግ ሰው ግን የተከተበች፣ ዕድሜዋ የታወቀ ቄብ በ850 እና ከዚያ በላይ ልታወጣ ትችላለች። ሳሶ 5 ወር ገደማ ሲሞላት መጣል ትጀምራለች፤ የአንቺዎቹ ስለዚህ የካቲት መግቢያ ላይ ይጀምራሉ። ዘንድሮ ሁዳዴ የካቲት 9 ስለሚገባ ገዢው «በጾም እንቁላል ማን ይገዛል?» ይል ይሆናል። መልሱ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ሲውል ዶሮዎቹ በደንብ የሚጥሉበት ጊዜ ላይ ይደርሳሉ፤ ለፋሲካ ወጥ እንቁላል የማይፈልግ ቤት የለም።

ለእያንዳንዱ ገዢ ትንሽ ወረቀት ስጪ፦ የተፈለፈሉበት ቀን፣ የፈንግልና የጉምቦሮ (ሌላ የዶሮ ተላላፊ በሽታ) ክትባት የተሰጠበት ቀን፣ አሁን የሚበሉት መኖ። የምትበላውን መኖ 3 ወይም 4 ኪሎ አብረሽ ሽጪለት፤ መኖ ድንገት ሲቀየርባቸው ይቀንሳሉና «የታመመ ሸጠሽልኝ» የሚል ስልክ ይመጣብሻል።

ጥያቄ — ዶሮ ጀማሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክትባቱን ዛሬ ከሰዓት አመጣለሁ። አራርዶ፣ ገነጣጥሎ ስለመሸጥስ? ደግሞ ለገና ያልተሸጠ አውራ ቢተርፍ ለጥምቀት ባቆየው ያዋጣል?

መልስ — ዶሮ ነጋዴዋ (ቢሾፍቱ)

አርዶ መሸጥን በዚህ ዙር ተዪው። አንደኛ፣ የዶሮው ዓይነት አንድ ይሁን እንጂ የክርስቲያንና የሙስሊም ደንበኛ እርዱ አንድ አይደለም፤ ቁሟን ከሸጥሽ ሁለቱም ከአንቺ ይገዛሉ። ሁለተኛ፣ ሥጋ መሸጥ የጤና ቁጥጥርና ፈቃድ ያስጠይቃል። ሦስተኛ፣ ክብደቱን እይው፦ ለዶሮ ወጥ ላባው፣ ቆዳው፣ ሆድ ዕቃው፣ ጭንቅላትና እግሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ከቁሙ ከ60 እስከ 65 በመቶ ነው። 2.5 ኪሎ አውራ 1.5 ወይም 1.6 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው፤ በ420 ያሰብሽው ኪሎ ገንጥለሽ ስትሸጪው 670 ብር አካባቢ ካልሆነ ጉልበትሽን ሳትቆጥሪ ከስረሻል። ደንበኛ ወደ ዋጋው እንጂ ወደዚህ ሒሳብ አያይም።

ሲረከቡሽ ግን ለእርድ ዝግጁ አድርጊያት፦ ከመረከቢያው በፊት በነበረው ማታ መኖ አንሺ፣ ውኃ ይቆይ። አንጀቷ ባዶ ከሆነ ስትታረድም ስትገነጠልም ሥጋው አይበላሽም። እስከ ጠዋት ከ2 እስከ 4 በመቶ ክብደት ስለምትቀንስ በኪሎ የምትሸጪላቸው ካሉ ይህን አስቢ። ስትይዣቸው በጨለማ፣ በደካማ ብርሃን ይዘሽ ደረቷን ደግፈሽ ሣጥን ውስጥ አስገቢ። እግር አስሮ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል ክንፍና ጭን ያቆስላል፤ ቆዳው ሲገፈፍ የደም ቋጠሮው ይታያል፣ ያቺ ሴትዮ ሁለተኛ አትመለስም።

መልስ — ሒሳብ ያዥ

የጥምቀቱን በቁጥር እንይ። ከገና እስከ ጥር 11 12 ቀን ነው፤ አንዱ አውራ 75 ብር ያህል መኖ ይበላል። በዚህ ዕድሜ ዕድገቱ ስለሚቀንስ በእነዚያ ቀናት 200 ግራም ቢጨምር 84 ብር ነው። ስለዚህ ማቆየቱ በራሱ አያተርፍም፣ አያከስርምም። የሚያዋጣው ገዢው ካለ ነው፦ ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ከአሁኑ ደጋሾችን ጠይቂና 10 ወይም 15 አንድ ላይ ለሚወስድ በዶሮ 40 ወይም 50 ብር ቀንሺለት። ያለ ትእዛዝ ግን 5 ወይም 6 ብቻ ይትረፉ። ከየካቲት 9 በኋላ የክርስቲያኑ ገበያ ለ55 ቀን ይዘጋል፤ ዘንድሮ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ስለሚገጥም ሙስሊም ደንበኞች ካሉሽ ለኢድ፣ መጋቢት 11 አካባቢ፣ ቀድመሽ ትእዛዝ ያዢ።

ነጋዴውንም አትዝጊበት። እስከ ታኅሣሥ 20 ቀብድ ያልተያዘባቸውን ትንንሾቹን አውራዎች በ750 ከወሰደልሽ ስጪው፣ የክትባቱ 21 ቀን እስኪሞላ ከታኅሣሥ 26 በፊት እንዳይታረዱ ግን ንገሪው፤ ቦታም መኖም ያቀልልሻል። ትልልቁን መርጦ እንዲወስድ ግን አትፍቀጂ።

መልስ — የቄብ አርቢ (ባሕር ዳር)

ለፋሲካ የምታሳድጊ ከሆነ ወደ ኋላ ቁጠሪ፦ ሚያዝያ 1 ላይ የ105 ቀን እንዲሆኑ የ45 ቀኖቹ የካቲት 1 መግባት አለባቸው። ከጥምቀት በኋላ 20 ቀን ይቀርሻል፤ ሰጋቱራውን አውጥተሽ ለአትክልት አርቢ ሽጪው፣ ቤቱን በሳሙና እጠቢ፣ ኖራ ቀቢ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ባዶውን አናፍሺው። ጫጩት አከፋፋዮች ለፋሲካ ቀድመው ስለሚያስይዙ ትእዛዙን እስከ ጥር መጀመሪያ አስገቢ፤ አውራና ቄብ ለይተሽ ማዘዝ የሚቻል ከሆነም ጠይቂያቸው፣ ለፋሲካ የሚፈለገው አውራው ነው።