ከስትሮክ በኋላ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት አንጎልን ይጠብቃልን?

ጥያቄ፦ በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ በንግድ ላይ የነበረው ታላቅ ወንድሜ እዚያው ሳለ የአንጎሉ ደም ሥር ተዘግቶ ስትሮክ መታው። ሐኪሞቹ ከአስፕሪን ጋር ሳንቺ ከሚባል ሥር የተሠራ እንክብል ይሰጡት ነበር። ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰ ወራት አልፈዋል፤ ንግግሩ ቢስተካከልም ቀኝ እጁ አሁንም የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አልቻለም። እዚህ የልብ ምቱ መዛባቱ ስለታወቀ አስፕሪኑ ቀርቶ ዋርፋሪን የተባለ የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ታዞለታል። ሰሞኑን ግን ጓደኞቹ ዳንሸን የተባለ የደረቀ ሥር ልከውለት እያፈላ መጠጣት ጀምሯል። እነዚህ ዕፅዋት በእርግጥ አንጎልን ይጠብቃሉን? ከዋርፋሪን ጋርስ ይስማማሉ?

መልስ (ፋርማሲስት)፦ ዳንሸኑን ዛሬውኑ ያቁሙ። ዳንሸን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚጨምር ለከባድ መድማት ሊዳርጋቸው ይችላል። ዋርፋሪኑን ግን በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታቋርጡ፤ ይልቁንም ሳይውል ሳያድር የአይኤንአር ምርመራ (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካ የደም ምርመራ) ያሠሩ፣ ሥሩን ለስንት ቀን እንደጠጡም ለሐኪማቸው ይንገሩ። ሥሩ ሲቋረጥ የዋርፋሪኑ ኃይል መልሶ ሊቀንስ ስለሚችል ምርመራው ከቀናት በኋላ መደገም ይኖርበታል። ድዳቸው ከደማ፣ ሰገራቸው ከጠቆረ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣባቸው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

መልስ (የነርቭ ሐኪም)፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስ። ደም ሥር ሲዘጋ መሐል ላይ ያለው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞት፣ ዙሪያው ያለው ግን ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ ይህን የተረፈውን ክፍል ከልክ በላይ የሚለቀቀው ግሉታሜት የተባለ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገርና ተከትሎ የሚመጣው ብግነት ይጎዱታል። ከሳንቺ የሚወጡት ሳፖኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ይህን ጉዳት ሲቀንሱ ታይተዋል። በሰው ላይም እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመና 3,072 ሕመምተኞች በተሳተፉበት የቻይና ጥናት፣ ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩት እንክብሉን ከወሰዱት መካከል 89.3 በመቶ፣ ማስመሰያ (መድኃኒት የሌለበት እንክብል) ከወሰዱት መካከል 82.4 በመቶ ሆነዋል። ይህ በእውነት ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት፣ አንጎላቸው ውስጥ ደም በፈሰሰባቸው 1,648 ሰዎች ላይ ሌላ የዕፅዋት ቅምም ሞክሮ ጥቅም አላገኘበትም፤ ስለዚህ በጅምላ መፍረድ አይቻልም። ደግሞም የሳንቺው ጥናት የተደረገው ሕመሙ በጀመረ ሰሞን በተሰጠ እንክብል እንጂ ከወራት በኋላ ቤት ውስጥ በሚፈላ ሥር አይደለም።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)፦ ለእጃቸው የሚበጀው ያቃታቸውን ሥራ ራሱን በየቀኑ ደጋግመው መለማመድ ነው። ትልልቅ ቁልፍ ባለው ሸሚዝ ይጀምሩ፤ ግራ እጃቸው ቸኩሎ ሥራውን እንዳይወስድባቸው አጠገባቸው ሆነው ያበረታቷቸው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተረፈውን የሳንቺ እንክብልስ ምን እናድርገው?

መልስ (ፋርማሲስት)፦ ሳንቺም የደም መርጋትን ስለሚነካ ማሸጊያውን እንዳለ ይዘው ለሐኪማቸው ያሳዩ፤ ሐኪሙ ሳይፈቅዱ አይውሰዱት።