በሙከራ ጊዜ ስለ ሥራዬ ዋስትና አሠሪዬን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦
በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ በሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን አብሮኝ የገባ ባልደረባዬ ምክንያቱ ሳይነገረን ተሰናበተ፤ ከዚያ ወዲህ ኃላፊዬ በጠራኝ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። የቀድሞ አሠሪዬ ደግሞ ተመለስ እያለኝ ነው። «እዚህ እቆያለሁ ወይ?» ብዬ ብጠይቅ በራሴ የማልተማመን እንዳልመስል እፈራለሁ። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጠይቁ ነበር?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ጠይቅ እንጂ! ግን «ታሰናብቱኛላችሁ ወይ?» አትበል፤ ለዚያ ማንም ኃላፊ ቃል አይገባልህም። «ሥራዬ የሚመዘነው በምንድን ነው? እስካሁን ምን ጎደለኝ? ውሳኔውንስ የሚሰጠው ማን ነው?» በል። ሠራተኞችን ለዓመታት አስተዳድሬአለሁ፤ መስፈርቱን የሚጠይቅ ሰው ደካማ መስሎ ታይቶኝ አያውቅም። ብቻ ወር መዝጊያ ላይ አትሂድ፤ ያን ጊዜ ሒሳብ ክፍል ለማንም ጆሮ የለውም። የተነጋገራችሁትንም በዚያው ቀን በአጭር ኢሜይል ላክለት።

ሌላ መልስ፦
መጀመሪያ ውልህን አንብብ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158 ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሰናበት ይከላከላል፤ ሆኖም አገሮች በሙከራ ላይ ያለውን ሠራተኛ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ማድረግ ይችላሉ። ቅድመ ሁኔታው የሙከራው ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነና ምክንያታዊ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማብቂያ ቀኑ በጽሑፍ ይኑርህ። ማረጋገጫ ደብዳቤ እስኪደርስህም የቀድሞ አሠሪህን እምቢ አትበለው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሉን አየሁት፤ ማብቂያ ቀኑ ተጽፏል፣ ስለ መራዘም ግን ምንም አይልም። ሐሙስ ስለ መስፈርቱም ስለ መራዘሙም እጠይቃለሁ።