የሱቄ ኮምፒውተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 መቼ ይሻገሩ?

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ። አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ካሉኝ አራት ኮምፒውተሮች ሦስቱ በዊንዶውስ 10፣ አሮጌው በዊንዶውስ 7 ይሠራሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳቆመ ዐውቃለሁ። ነገር ግን አሁን ግንቦት ነው፤ የሠርግ ጥሪ ካርዱም የመምህራኑ የፈተና ወረቀትም በአንድ ጊዜ የሚጎርፍበት ወቅት ነው። ከዚህ በፊት አንዱን ኮምፒውተር እንደ አዲስ ካስጫንሁት በኋላ ኒያላ በተባለው የአማርኛ የፊደል ዓይነት የተጻፈ ፈተና ስከፍት ፊደሉ በሌላ ተተክቶ፣ መስመሩ ተዛብቶ፣ የ14ኛው ጥያቄ ምርጫዎች ከጥያቄው ተነጥለው ወደሚቀጥለው ገጽ ወርደው ነበር። ይህን ሳላስተውል 120 ቅጂ አባዝቼ ኪሳራው በእኔ ላይ ወደቀ። አሁኑኑ ልሻገር ወይስ ሥራው እስኪቀዘቅዝ ልጠብቅ?

መላሽ፣ ከደብረ ማርቆስ

እስከ ነሐሴ ቢታገሱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ በፍልሰታ ጾምም ሠርግ የለም። እኔ በሰኔ፣ ነጋዴው ሒሳቡን ለመዝጋት በሚሯሯጥበት ሳምንት ብሻገር ማተሚያው አዲሱን ሥርዓት አልቀበል ብሎ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ ውያለሁ። ያዳነኝ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ መቻሉ ነው፤ ቦታ ለማስለቀቅ ሲሉ የድሮውን የዊንዶውስ ፎልደር ካጠፉት ግን ይህ ዕድል አብሮ ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሮቹ ለዊንዶውስ 11 ብቁ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቁልፎችን የሚጠብቅ የኮምፒውተሩ ክፍል)፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ቲፒኤሙ የለም ቢልዎት ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚገኘው።

መላሽ፣ ከሞጣ

ከደብረ ማርቆሱ ወንድማችን ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። አራቱም ኮምፒውተሮች እኩል አደጋ ላይ አይደሉም። የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበትና ኢንተርኔት የሚገባበት የትኛው ነው? እንደ እኛ ባለ ሱቅ በቀን ስንት ሰው ፍላሽ ይዞ እንደሚመጣ እርስዎም ያውቁታል፤ የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ኮምፒውተር ይህን ሁሉ እየተቀበለ ሦስት ወር ይቆይ ማለት ይከብደኛል። ስለዚህ ያንን አንዱን በዚህ ሳምንት እሑድ ያሻግሩት፤ ፈተናና ካርድ የሚሠራባቸውን ሁለቱን እስከ ነሐሴ ይተዉአቸው። የዊንዶውስ 7ቱ ድጋፍ ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋረጠ ስለሆነ ኢንተርኔትም ፍላሽም ሳይነካው ለማተም ብቻ ይዋል።

የኒያላው ችግር መፍትሔ አለው። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ አብሮ የማይጫን፣ በአማራጭ የሚታከል ፊደል ሆኗል፤ ከሴቲንግ ገብተው በአማራጭ ፊቸሮች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያን ተጨማሪ ፊደላት ይጫኑ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ባልሆኑ የድሮ ፊደላት የተጻፈ ሰነድ ካለዎት ግን ጉዳዩ ይከፋል፤ ፊደሉ ከሌለ አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚወጣው። የፊደሎቹን ፋይሎች አስቀድመው በሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ያለቀለት ሥራም በፒዲኤፍ ይቀመጥ። ደግሞ ለየኮምፒውተሩ ዳታ አያባክኑ፤ የዊንዶውስ 11 ማውረጃው ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አንድ ጊዜ አውርደው ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ያዘጋጁት።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፍላሽ የሚቀበለው በሩ አጠገብ ያለው ላፕቶፕ ነው፤ ቲፒኤሙም እንደተባለው ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ አገኘሁት። መብራት ቢጠፋ በባትሪው እንዲጨርስ ሞልቼ እሑድ እጀምራለሁ። የ14ኛውን ጥያቄ ወረቀት አሁንም አስቀምጬዋለሁ፤ ከተሻገርሁ በኋላ መጀመሪያ የምከፍተው እርሱን ነው።