የብራይዳል ሻወር መዋጮ ከበደን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ምከሩኝ

አንደኛ ሚዜ፦
ሰላም እህቶች። ደሴ ነው የምኖረው። ጓደኛዬ ጥር 17 ታገባለች፣ አንደኛ ሚዜዋ እኔ ነኝ። ሆጤ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ እህቴ ማለት ናት። አምስት ሚዜዎች ነን፣ ሁለቱ ሙስሊም ናቸው፣ አንዷ ደግሞ አዲስ አበባ ነው ያለችው። ሻወሩን፣ ያው ከሠርጉ በፊት ሚዜዎች ለሙሽራዋ የሚያዘጋጁላትን ድግስ፣ ታኅሣሥ 25 ቅዳሜ እናድርግ ተባብለን ነበር፣ እስከዚህ ሰላም ነው።

ከዚያ የአዲስ አበባዋ ቴሌግራም ላይ ፎቶ መላክ ጀመረች። የሆቴል አዳራሽ፣ የፊኛ ዲኮር፣ ስማችን የተጠለፈበት የሳቲን ሮብ፣ ፎቶግራፈር፣ ባለ ሦስት ደረጃ ኬክ። ሲደመር ለእያንዳንዳችን 7,000 ብር ደረሰ፣ የሚዜ ቀሚሱ ሳይቆጠር። ከመካከላችን አንዷ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፣ ደሞዟን አውቀዋለሁ፣ እናቷንም የምትጦረው እሷ ናት። ማታ «እሺ» ብላ ጻፈች። በነጋታው ቀሚስ ልንለካ ፒያሳ ተቀጣጥረን ቀረች። አራት ቀን ሆነው፣ ስልክ አታነሳም።

ሙሽራዋ ምንም አታውቅም፣ ሰርፕራይዝ ነው። የአስተማሪዋን ድርሻ እኔ ልክፈልላት? ወይስ ለሙሽራዋ ልንገራት? በዚያ ላይ ቀኑ ጾም ነው። ጾሙ እስኪፈታ እንቆይ ብንል ደግሞ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ማሠራት ሊኖርብን ነው። ግራ ገባኝ።

የጦሳ ሥር፦
ድርሻዋን እንዳትከፍይላት፣ እባክሽ። ለሙሽራዋም አትንገሪያት፣ ከሠርግ በፊት ያለባት ጭንቀት ይበቃታል። ለምን መሰለሽ እንዲህ የምልሽ፣ በእኔ ሠርግ ጊዜ አንዷ ሚዜዬ ሻወሬ ላይ ቀረች። «አሞኝ ነው» አለች፣ እኔ ደግሞ ቅናት መሰለኝና በሠርጌ ቀን ፊት ነሳኋት። አብራኝ ቆማ፣ ቬሌን ስታስተካክልልኝ፣ አንዴ እንኳ ዞሬ አላየኋትም። ከዓመት በኋላ ነው እህቷ የነገረችኝ፣ መዋጮው 3,000 ብር ነበር፣ አልነበራትም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለሁሉም ቀንሱት። ግሩፑ ላይ የእሷን ስም ሳታነሺ «እኔ ከ1,500 በላይ አልችልም» ብለሽ ራስሽ ጻፊ። እመኚኝ፣ ሌላም የሚቸግራት አለች፣ የሚናገር ሰው ነው የጠፋው። ከዚያ መደወሉን ተይውና ቡና ይዘሽ ቤቷ ሂጂ።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
አብሽሪ እህቴ። ጾም መሆኑ እኮ እድል ነው! እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አራት ጊዜ ሚዜ ሆኛለሁ፣ ሁለቱ የክርስቲያን ጓደኞቼ ናቸው። ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ ሁልጊዜ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ ነው፣ ተከባብረን የኖርንበት ነገር ስለሆነ ማንም አይከፋውም። ግን ጓደኛሞች ሆነን እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ ስትበላ ደስ አይልም። በጾም ቀን ሁላችንም አንድ ትሪ ላይ ነን። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ከኬክ ቤት የጾም ኬክ፣ በቃ። ሐይቅ ቅርብ ነው ብላችሁ ዓሣ እንዳታስቡ፣ በጾም የማይበላው ብዙ ነው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። የደሴ ብርድ በታኅሣሥ ማታ አያስቀምጥም፣ በቀን አድርጉት። ግቢ ውስጥ ካማራችሁ ወደኛ ውረዱ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል። የአስር ሰላት ሲደርስ ደግሞ ለሁለቱ እህቶች አንድ ንጹሕ ክፍል ይኑር፣ ሳይጠይቁ ብታዘጋጁላቸው እንዴት ደስ እንደሚላቸው።

ፎቶግራፈሩን ተዉት፣ ወንድ ከሆነማ ጭራሽ። ወላሂ አንድ ሻወር ላይ ሂጃቤን አውልቄ ስጨፍር ቲክቶክ ላይ ወጥቼ ባሌ ከሥራ ቦታው ደወለልኝ። አንዷ ብቻ ታንሳ፣ የቀረው ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ሳይጠየቅ የሚለቀቅ ፎቶ አይኑር።

ዲኮር ሠሪ፦
የአዲስ አበባዋን አታስቀይሟት እንጂ። ሩቅ ናት፣ ፎቶ መላኩ የእሷ መሳተፊያ ነው። አንድ ነገር ለይታችሁ ስጧት፣ ኬኩን በሏት። ዲኮር ሥራዬ ነው፣ ለሃያ ሰው አዳራሽ አያስፈልግም። ሳሎን ውስጥ ሙሽራዋ የምትቀመጥበትን አንድ ግድግዳ ብቻ በነጭ መጋረጃና በአበባ አልብሱት። ፎቶ ላይ የሚታየው ያው እሱ ነው።

የሰኞ ገበያ እናት፦
ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ሻወር የሚባል አልነበረም፣ እንሶስላ ነበር። የተክሉ ሥር ይታጠባል፣ ይወቀጣል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። ሙሽራዋ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ ሚዜዎቿ እጇንም እግሯንም ይለብጧታል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል። ያን ሌሊት በእጇ ምንም አትነካም፣ ውሃ እንኳ የሚያጠጧት ሚዜዎቿ ናቸው፣ ጭብጨባውና ዘፈኑ እስኪነጋ ነው። ጠዋት ሲፈታ መዳፏ ቀልቶ ሲታይ እናቶች እልል ይላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ኢምንት ነው። ግን ታኅሣሥ 25 አታድርጉት፣ ለሠርጉ ይደበዝዛል። ዓርብ ማታ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው አድርጉላት። ነጭ ሮብ ካሰፋችሁም ያን ቀን እንዳትለብሱት፣ ከነካው አይለቅም።

አንደኛ ሚዜ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግሩፑ ላይ 1,500 ብዬ ጻፍኩ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱ «እኛም» አሉ። ሻወሩ እኛ ቤት በቀን ሆነ፣ ሮቡ ቀረ፣ ኬኩን የአዲስ አበባዋ ያዘች፣ ትንሽ ከፍቷት ነበር አሁን ግን ደህና ናት።

ትናንት ቡና ይዤ አስተማሪዋ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። በአቦልም በቶናም ስለ ገንዘብ ምንም አላነሳሁም። በረካው ሲቀዳ ራሷ «ለሚዜነት ሌላ ሰው ፈልጉ ልልሽ ነበር» አለችኝ፣ ተላቀስን። ነገ ቀሚስ እንለካለን።

እማማ፣ እንሶስላውን አንቱ እንዳሉት ዓርብ ማታ እናደርጋለን። ግን ጥሩውን ከመጥፎው ለይቼ አላውቅም።

የሰኞ ገበያ እናት፦
እኔው መርጬ እገዛላችኋለሁ የኔ ልጅ። የሠርጉ ሳምንት ሲደርስ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።